በቆዳ የታሰረው ጠመንጃ

ቆሰበር፣ ኅዳር 9 ቀን 1954 ዓ.ም.

ጠመንጃ በምሳር የሚመታ ሰው ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ከቀትር ጀምሮ ደሜን ያፈላው ይኸው ነው። ክንዴ የሚባል ከወንዙ ማዶ የመጣ ገበሬ በጆንያ ጠቅልሎ ስልክ ቤት ድረስ አመጣልኝ። «ጋሼ ሀብቱ፣ አሮጌ ጠመንጃ ያድሳሉ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ። የሚጮኸውን ስልክ ትቼ ጆንያውን ፈታሁ። ባለ ጥንድ አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ! በስድስት ዓመት የቆሰበር ኑሮዬ ውጅግራ አድሻለሁ፣ ምንሽር አድሻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከዝገቱ ሥር የአበባ ሐረግ ተቀርጾበታል። የሠራው እጅ ይባረክ።

ያበላሸው እጅ ግን ይሰበር! ሰደፉን ከአንገቱ ላይ በምሳር መትተው ሰንጥቀውታል። ስንጥቁን ጠጉሩ እንኳ ባልተፋቀ የበሬ ቆዳ ጠፍረው አስረውታል። ሁለቱንም አፈሙዞች በቀለጠ እርሳስ ደፍነዋቸዋል። ማን ነው እንዲህ ያደረገው ስለው «ሽማግሌዎች ናቸው» አለና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወይ ሽምግልና!

ለጥር ጊዮርጊስ እንዲደርስለት ይፈልጋል። ለፈረስ ጉግሱ ሊያነግተው ይሆናል፤ አልጠየቅሁትም። ምን ልክፈል ሲለኝ ምንም አልኩት። ይህን ሥራ ለእንጀራ ብዬ ሠርቼው አላውቅም፤ ለነፍሴ ነው የምሠራው።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ቆዳውን በፍል ውሃ ዘፍዝፌ ዛሬ ፈታሁት። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ቢላዋዬን ሁለት ጊዜ ሳልኩ። ሙሉነሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሚስቴ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ግምጃ ቤት ከሚባለው መንደር፤ እኔ የቢቸና ሰው ነኝ፣ አገውኛም አልሰማም።

«በሚካኤል መሥራትህ ሳያንስ! ይኼ ቆዳ ያለ ነገር አልታሰረም። ሰውየውን ጠይቀው እንጂ» አለች።

«ሰውየው ነው አድስልኝ ያለው!» ብዬ ጮህኩባት። ደግማ ልትናገር ስትል ሴትና ጠመንጃ ምን አገናኛቸው አልኳት። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጓዳ ገባች። የሷ ዝምታ ከንግግሯ ይብሳል።

ቆዳውን ለውሻው ወረወርኩለት። ሲያኝከው ዋለ።

ኅዳር 18

እርሳሱ አስለቀሰኝ። በእሳት እንዳላቀልጠው ሁለቱን አፈሙዞች ያጣበቃቸው ብየዳ አብሮ ይቀልጥና ጥንዱ ይለያያል። ስለዚህ በእጅ መሰርሰሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት። በመሃሉ ስልኩ ይጮኻል። ደብረ ማርቆስ ዳንግላን ይፈልጋል፣ ዳንግላ ደብረ ማርቆስን ይፈልጋል፤ ሁሉም የሚፈላለጉት እኔ መሰርሰሪያ በጨበጥኩበት ሰዓት ነው። «ሀብቱ፣ ሞተሃል ወይ?» ብሎ የደብረ ማርቆሱ ስልከኛ ጮኸብኝ። አዎ ሞቻለሁ፣ ለቅሶ ድረሱ አልኩት።

የግራው ተከፈተ። አሻግሬ ሰማይ አየሁበት።

ኅዳር 27

ሰደፉን ከዋንዛ ሠራሁት። ከፈረሰ ቤት የወጣ አግዳሚ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ጭስ ጠጥቷል። እርጥብ እንጨት ዛሬ ያምርና ነገ ይሰነጠቃል፤ ይህን የማያውቅ ሁሉ ጠመንጃ ሠሪ ነኝ ይላል። መጀመሪያ ሞረድ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ የተልባ ዘይት በመዳፍ እያሹ ማስጠጣት፤ አንድ ቀን ማሳረፍ፣ እንደገና ዘይት። መያዣው ላይ እጅ እንዳያዳልጥ ቀጫጭን መስመር አመሳቅዬ ቀረጽኩ። ጉንጭ የሚያርፍበት ላይ የአያቴን ጠገራ ብር አስገባሁበት። የራሴን ጠገራ በሰው ጠመንጃ!

ሙሉነሽ አየችና «ለኔ የአንገት ድሪ አሠራበታለሁ ያልከኝ ይኼ አልነበር?» አለች። ዘይቱን ማሸት ቀጠልኩ። «ለመሆኑ ሰውየውን ጠየቅከው?» አለች ደግሞ። ኧረ የአምላክ ያለህ! አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም።

ታኅሣሥ 3

አለቀ። ከስልክ ቤቱ ኋላ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሞከርኩት። ቀኝ፣ ግራ። አቤት ድምፁ! ወደ ቀኝ ይስብ ነበር፤ አርሜዋለሁ። አሁን እንደ ዓይን ነው የሚሄደው። ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። አንድ ሽማግሌ ጠመንጃውን ትኩር ብሎ አየና በአገውኛ የሆነ ነገር ብሎ አማተበ። ቅናት ነው።

ታኅሣሥ 5

መስመር ሳገናኝ ሰማሁ። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፤ ጆሮ ክዳን የለው። አንድ የዚህ ከተማ ነጋዴ ለዳንግላው ወንድሙ ነው የሚያወራው። «ስልከኛው የነይታይሽን ጠመንጃ ፈታው እኮ! ደሴ ያልተወቃ እህሉን ትቶ መሰደዱ ነው።» ይታይሽ ማናት? ደሴስ ማነው? ፈታው! አሳመረው አይሉም፣ ፈታው!

ታኅሣሥ 6

አያ ውቤ የሚባሉ የወንዝ ማዶ ሽማግሌ ሁለት ሰው አስከትለው ከቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብል አልቀመጥም አሉ።

«ልጄ ሀብቱ፣ ቆዳው የት አለ?» አሉኝ። ጠመንጃውን አላዩትም። ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እያብረቀረቀ፣ ቀና ብለው አላዩትም!

የምን ቆዳ ስላቸው ነገሩኝ። እንደነገሩኝ እጽፈዋለሁ። «ይህ ጠመንጃ የደሴ ነበር። በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ የይታይሽን የበኩር ልጅ የገደለው በዚህ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ደሴ ሰባት ዓመት ታስሮ ሲወጣ እኛ አስታረቅናቸው። ጠመንጃውን በምሳር መታነው፣ አፉን በእርሳስ ደፈንነው፣ የእርቁን በሬ ቆዳ ሳይደርቅ ጠቀለልንበት። እናቲቱና ደሴ እጃቸውን እርጥቡ ቆዳ ላይ ባንድነት ጭነው ማሉ። ከዚያ ይታይሽ ቤት ምሰሶው ላይ ተሰቀለ። ያ ቆዳ እስካለ ድረስ ደም የሚጠይቅ የለም።»

«ክንዴስ ምናቸው ነው?»

«የሟች ታናሽ ወንድም ነው። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቆ አውርዶ አመጣልህ። በል አሁን ቆዳውን ስጠን፤ የሚሆነውን እናያለን።»

ውሻው በላው አልኩ።  አንደኛው የጋቢውን ጫፍ አፉ ላይ ያዘ።

«እንግዲያው ጠመንጃውን እዚሁ ስበረውና እንደ አዲስ እንጀምር» አሉ አያ ውቤ። ስበረው! አንድ ወር ሙሉ ጣቴን ያቆሰልኩበትን! በጠቅላይ ግዛቱ አምሳያ የሌለውን! በነሱ ቤት እኮ ብረት ነው፣ ቁራጭ ብረት! «ማንም አልነገረኝም! ያገራችሁን ወግ በምን አውቄ? ማንም፣ ማንም አልነገረኝም!» ብዬ ጮህኩ።

ሙሉነሽ ጓዳ ነበረች። ሳል ሳለች። ጉንፋን የለባትም።

አልሰብርም ብዬ ሸኘኋቸው። ለማንም አልሰጠውም፣ አልሰብረውም፣ እኔው ዘንድ ይቀመጥ አልኩ። ይህ በቂ አይደለም? አያ ውቤ ደጁን ሲሻገሩ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። እንዲሰማኝ ብለው ነው።

ታኅሣሥ 8

ስም ወጣልኝ። ጠላ ቤት ስገባ አንዱ «እርቅ ለውሻ ያበላው መጣ» አለ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ጠላዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። የናንተን ሬዲዮ፣ የናንተን ሰዓት፣ የናንተን የልብስ መኪና ሳይቀር የጠገነ እጅ ነው ይሄ! ምስጋናቢሶች!

ታኅሣሥ 9

ክንዴ መጣ። «ጋሼ፣ አለቀ ወይ?» አለቀ፣ ውሰደው፣ ከዓይኔ አርቀው አልኩት። ይስቁ እንግዲህ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ጠመንጃው ያመጣው ሰው ነው።

ሁለት ጥይት ተርፎኝ ነበር። ሰጠሁት። ለመሞከሪያ ነው።

ታኅሣሥ 10

ሙሉነሽ ግምጃ ቤት ወደ እናቷ ሄደች። «ጥይቱንም?» ብቻ ነው ያለችኝ። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በርበሬው የት እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም።

ለመሞከሪያ ነው አልኩ እኮ።

ታኅሣሥ 14

አንድ ቀጭን፣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ስልክ ቤት ገብቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ወዴት ልደውልልዎ አልኩት።

«ወዴትም። ደሴ ነኝ።»

እጄ ሶኬቱ ላይ ቀረ። እኔ ነፍሰ ገዳይ ሲባል አንገተ ደንዳና ነገር ነበር የማስበው። ይህ ሰው ካልሲ የሌለው ጫማውን ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ አራግፏል።

«አሁንም ወደ ቀኝ ይስባል?» አለኝ።

«አስተካክዬዋለሁ» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው! ወጥቶ አለቀ።

ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። «እንግዲያው አይስተኝም» አለ።

ለምን አይሸሹም አልኩት። ዳንግላ ዘመድ የለዎትም? የጭነት መኪና እኔ አስቆምልዎታለሁ፣ ዛሬውኑ! አይሆንም አለ። «ይታይሽ እጄ ላይ እጇን ጭና ይቅር ብላኛለች። ብሸሽ አላመንኳትም ማለት ነው። እህሌን እወቃለሁ።»

ተናደድኩበት። ምን ያቀብጥዎታል፣ ሞት አማረዎት ወይ ብዬ ጮህኩበት። ያ ግትር ቢሄድልኝ እኮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር! እሱ ግን ተነሥቶ እግዜር ይስጥልኝ አለኝ። ለምኑ እንደሆነ አላውቅም።

ታኅሣሥ 16

አልተተኮሰም። መስኮት ሲመታ እደነግጣለሁ። ዳንግላን ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ደብረ ማርቆስን የትም ሰካሁ። ተሰደብኩ። ይስደቡኝ።

ፖሊስ ጣቢያ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ልበል? እኔ አድሼ፣ እኔ ጥይት ሰጥቼ?

ታኅሣሥ 19፣ ገብርኤል

ከወንዝ ማዶ የመጣች ሴት እንጨት ስትሸጥ ነገረችኝ። ክንዴ ከደሴ አውድማ ፊት ለፊት ካለች የኮሶ ዛፍ ሥር ጠመንጃውን ይዞ ከትናንት ጀምሮ ተቀምጧል። እናቱ ይታይሽ ይህን ስትሰማ ሄዳ አውድማው መሃል ቁጭ አለች። የልጇ ገዳይ አውድማ ላይ! ደሴ በሬዎቹን በዙሪያዋ እየነዳ ይወቃል አሉ።

ሰዉ አሮጊቷ አበደች ይላል። አላበደችም። የዚህ ጠመንጃ እርሳስ እንደ ምንሽር ጥይት አንድ ሆኖ አይሄድም፤ ይበተናል። ደሴን ቢመታ አጠገቡ ያለችውንም ያገኛታል። ይህን የማውቅ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። የልጇን ሬሳ ያጠበች እሷ ናት፤ ከኔ ይልቅ ታውቀዋለች።

ታኅሣሥ 20

ስልክ ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ። ያባርሩኝ።

ክንዴን ከኮሶው ሥር አገኘሁት። ጠመንጃውን ውርጭ ያደረበት ሣር ላይ አጋድሞታል። «አንተ! ዘይቱ ይበላሻል!» አልኩት። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ይኼ ነው። አልሰርዘውም። ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደዚያ አድርጎ ያየኝ ሰው የለም። አውድማውን ዞር ብዬ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ትንሽዬ ሴት ገለባው ላይ ተቆራምዳ፣ ከንፈሯ ጠቁሯል።

«ስጠኝ» አልኩት።

«እርስዎ አይደሉም የሰጡኝ?» አለ። «አምስት ዓመት ያ ነገር ከራስጌዬ ተሰቅሎ ነው የተኛሁ። እናቴ ይቅር አለች፤ ደግ። እኔን ማን ጠየቀኝ? እጄን ቆዳው ላይ ማን አስጫነኝ? ልጅ ነህ ብለው ደጅ አስቀመጡኝ።»

 ሽማግሌዎቹን ረገምኩ። ደሴን ረገምኩ። ልጁ ሰምቶ ሰምቶ «ጋሼ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ እናቴ ትደነግጣለች» አለኝ። ተመልሼ መጣሁ። ምን ላድርግ? ቀምቼ ልሩጥ?

ታኅሣሥ 21

አብቅቷል። ሳይተኮስ። ዛሬ ጠዋት ይታይሽ ከብርዱ የተነሣ ወደ ጎኗ ወደቀች። ክንዴ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ፤ ደሴም ከዚያ ወገን ሮጠ። ሁለቱ ተሸክመው ደሴ ቤት አስገቧት። የገብስ ሙቅ ያጠጣቻት የደሴ ሚስት ናት። ጠመንጃውን አያ ውቤ ከሣሩ ላይ አነሡት። ሁለቱም ጥይቶች ከነነፍሳቸው ነበሩ አሉ።

እሰይ! እሰይ! ብዬ ብቻዬን ቤት ውስጥ ጮህኩ። 

ጥር 2

አያ ውቤ መጡ። አዲስ በሬ ይታረዳል፣ አዲስ ቆዳ ይጠቀለላል፤ ክንዴም አሁን እጁን ይጭናል። ይታይሽ ግን አልቀበልም ብላ ሰነበተች። «አንድ ጊዜ ይቅር ብያለሁ። የነበረኝ ያው ነው። ሁለተኛ ከየት ላምጣ?» አለች አሉ። ስንት ለምነዋት እሺ ብላለች። አንድ ነገር ግን ጠየቀች፤ ያን ቆዳ የፈታው ሰው ከደሴ ጋር በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቁም፤ ጠመንጃውንም ራሱ ይስበር።

እኔ! የመንግሥት ሠራተኛ! ገዳይ ነኝ እንዴ? ማንን ገደልኩ? አያ ውቤን ተቆጣሁ፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። እሳቸው ጠብቀው ጠብቀው «ጨረስክ?» አሉኝ። አልጨረስኩም ነበር። ግን እሄዳለሁ አልኩ።

ጥር 13

ሄድኩ። ሙሉነሽም ከግምጃ ቤት መጥታ ነበር። ሰላም አላለችኝም፤ የሚባለውን እንድታስረዳኝ ግን አጠገቤ ቆመች።

ምሳሩን አያ ውቤ በእጄ አስያዙኝ። የደረቀ ዋንዛ በአንድ ምት አይሰበርም። ሦስት ጊዜ መታሁት። በእያንዳንዱ ምት እነሱን ነበር የምረግመው፤ በልቤ ነው። ሦስተኛው ላይ ሲሰነጠቅ አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ አልናገርም። እርሳሱን ራሳቸው አቅልጠው አፈሰሱበት።

ከዚያ ደሴና እኔ ጫማችንን አውልቀን፣ ድንጋይ ተሸክመን ቆምን። ይታይሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መጀመሪያ ወደኔ አየች። በአገውኛ አንድ ነገር አለች። ሙሉነሽ ቶሎ አልተረጎመችልኝም።

«የልጄን ስም ታውቃለህ ነው የምትልህ» አለችኝ በመጨረሻ።

የጠመንጃውን ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ። የተሠራበትን ዓመት አውቃለሁ። የሁለቱን ቃታዎች ሞላ ጨለማ ውስጥ ለይቼ እገጥማለሁ። የልጁን ስም ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው። 

ወደ ደሴ ዞረች። ጥያቄውን እስክትጨርስ አልጠበቀም። «ውብአየሁ» አለ። «ውብአየሁ፣ ልጅሽ ውብአየሁ።» የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲሉ ነበር የማውቀው። ይህ ሰው ግን አልረሳም። ድንጋዩን አውርድ አለችው። ሦስቱም፣ እሷና ደሴና ክንዴ፣ እጃቸውን እርጥቡ ቆዳ ላይ ጫኑ። ክንዴ እጁን የጫነው ከሁሉም መጨረሻ ነው።

እኔን ማንም አውርድ አላለኝም። ሥጋው ታደለ፣ ሰው ተቀመጠ፣ መብላት ተጀመረ። እኔ እዚያው ቆሜአለሁ። ደሜ ፈላ። ጥዬው ልሄድ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አንድ እግሬን አንሥቻለሁ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?» አልኳት ሙሉነሽን።

«እናቱ ያቻትና» አለች።

ድንጋዩን እንደተሸከምኩ ሄጄ ከፊቷ ተንበረከክሁ። በአማርኛ ጠየቅኋት። ሌላ ቋንቋ የለኝም።

«ሃያ ሁለት» አለች እሷም በአማርኛ። ከዚያ በአገውኛ ቀጠለች፤ ብዙ ተናገረች። ምን እንደምትል አላወቅሁም፤ ሙሉነሽም ታለቅስ ስለነበር አልተረጎመችልኝም። ስሙ ግን ይመላለስ ነበርና በሰማሁት ቁጥር አብሬ አልኩት። ውብአየሁ። ውብአየሁ።

ድንጋዩን ከአንገቴ ያወረደልኝ ክንዴ ነው።